የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደጋፊ የጫማ የውስጥ ሶል አመራረጥ

ጫማም ሆነ የጫማ የውስጥ ሶል የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚተማመንበት ዳኛ የራሱ እግር ነው። አጥልቆ ጥቂት ይራመዳል፤ ከተመቸው ይወስዳል፣ ከቆረቆረው ይመልሳል። የስኳር ሕመም የእግሩን ነርቮች የጎዳበት ሰው ግን ይህ ዳኛ ወይ የለውም፣ ወይ ምስክርነቱ የተዛባ ነው። ቆዳውን እየፈተገ ያለ ስፌት ሳይሰማው ይውላል፤ የጠበበውን ጫማ ደግሞ ያዝ ስለሚያደርገውና ስለሚሰማው ብቻ «ልክ ሆነልኝ» ብሎ ይመርጠዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች ሁሉ ቀድሞ ነርቭ ይሠራው የነበረውን ሥራ ለዓይን፣ ለእጅና ለወረቀት አሳልፎ በመስጠት ላይ የቆሙ ናቸው።

የውስጥ ሶል ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት ቁስሉ እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ ቬሎር፣ በኋላም በአሜሪካ ካርቪል ስሜታቸው በሥጋ ደዌ የጠፋ እግሮችን ሲያክም ያስተዋለው ነገር ዛሬ ለስኳር ሕመምተኞች እግር እንክብካቤም መሠረት ሆኗል፤ ይኸውም ስሜት ያጣ እግር የሚቆስለው ብዙውን ጊዜ በአንድ ከባድ አደጋ ሳይሆን፣ በአንድ ቦታ ላይ በሺህ ጊዜ በሚደጋገም መጠነኛ ጫና መሆኑ ነው። ስሜቱ ሙሉ የሆነ ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ አንድ ቦታ መለብለብ ሲጀምረው ሳያስበው አረጋገጡን ይለውጣል፣ ክብደቱን ወደ ሌላኛው ጠርዝ ያዛውራል፣ ሲብስበትም ያነክሳል። ስሜት ያጣው እግር ግን ሳይለውጥ በዚያው ቦታ እየደጋገመ ይረግጣል። ጥሩ የውስጥ ሶል ይህንን ጫና ከጥቂት የአጥንት ጉብታዎች ላይ አንስቶ በመላው ውስጥ እግር ላይ ያከፋፍላል፣ ቆዳና ጫማ የሚፋተጉበትን ኃይል ይቀንሳል፣ እግሩም በጫማው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት ይይዛል። ደም ስርን አይከፍትም፣ የጠፋ ስሜትንም አይመልስም፤ ይህን እናደርጋለን የሚሉ ማሸጊያዎችን ማለፍ ነው።

1ኛ. አሁን ሶል መግዛት የሌለበትን ሰው መለየት

በውስጥ እግር፣ በተረከዝ ወይም በጣቶች መካከል የተከፈተ ቁስል ያለበት ሰው የውስጥ ሶል ከመፈለግ በፊት ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። የውስጥ እግር ቁስል የሚድነው ጫናው ከሞላ ጎደል ሲነሳለት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ እስከ ጉልበት በሚደርስና ሰውየው በራሱ ሊያወልቀው በማይችል ልዩ ጄሶ ወይም ቡት የሚሠራ ሥራ ነው። ለስላሳ ሶል በቁስል ላይ ማድረግ ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ሁለተኛው ምልክት ከቁስልም በላይ በቀላሉ ይታለፋል። አንደኛው እግር ብቻ ቢያብጥ፣ ቢቀላና ሲነካ ከሌላኛው ይልቅ ቢሞቅ፣ ሕመሙ ቀላል ቢሆንም ወይም ከነጭራሹ ባይኖርም፣ ሻርኮ እግር የሚባለው ችግር ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ አጥንቶቹና መገጣጠሚያዎቹ እየላሉና እየተሰበሩ ስለሆነ ሰውየው በረገጠ ቁጥር የእግሩ ቅርጽ ይበላሻል። ወለምታ ነው ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ እግሩን ከመሬት አንስቶ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል። ጣት ሲጠቁር፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲታይ ወይም ከእግር ቁስል ጋር ትኩሳት ሲመጣም እንዲሁ ነው።

2ኛ. የእግሩን የአደጋ ደረጃ ማወቅ

ለስኳር ሕመምተኛ ሁሉ የሚሆን አንድ ሶል የለም። ስሜቱ ሙሉ፣ የደም ዝውውሩ ደህና፣ የእግሩም ቅርጽ ያልተለወጠ ሰው ልኩ የሆነና በደንብ የተሠራ ጫማ ይበቃዋል፤ የተለየ ሶል ግዴታ አይሆንበትም። ስሜቱን ያጣ፣ ወይም የእግሩ ደም ስሮች የጠበቡ ሰው ጥንቃቄ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ጣቶቹ የተቆለመሙ ወይም በጣቶቹ ግርጌ ያሉት አጥንቶች ያፈጠጡ ከሆነ ደግሞ በሙያተኛ የተመረጠ ሶል ያስፈልገዋል። ቀድሞ ቆስሎ የዳነ ወይም ጣት የተቆረጠበት ሰው ከሁሉም የላቀ አደጋ ላይ ነው፤ ከዳኑት ቁስሎች 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉ።

በጤና ተቋም ስሜት የሚመረመረው በአብዛኛው 10 ግራም ጫና ሲደርስበት በሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክር ነው። ክሩ በሌለበት ደግሞ ማንም ቤተሰብ ሊሠራው የሚችል የንክኪ ምርመራ አለ። ተመርማሪው ካልሲውን አውልቆ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሌላ ሰው በሌባ ጣቱ ጫፍ የተመርማሪውን አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፎቻቸው ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ዳሰስ ያደርጋል። በሁለቱም እግሮች ላይ ስድስት ቦታዎች ይሆናሉ ማለት ነው። ተመርማሪው በተነካ ቁጥር «ቀኝ» ወይም «ግራ» ብሎ ይመልሳል። መጫን፣ መታ መታ ማድረግ ወይም «አልሰማህም እንዴ?» ብሎ ደግሞ መንካት አይፈቀድም፤ ያልተሰማው አልተሰማም ተብሎ ይመዘገባል። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙ እግሩ ራሱን የሚጠብቅበትን ስሜት አጥቷል ተብሎ ይገመታል፤ ውጤቱም ለሐኪም መነገር አለበት። ስሜት ቀስ በቀስ ስለሚሄድ ብዙ ሰው እግሩ እንደደነዘዘ የሚያውቀው ይህን በመሰለ ምርመራ ነው፤ «እኔ እግሬ ይሰማኛል» የሚል መልስ ምርመራውን አይተካም።

የደም ዝውውርን በቤት ውስጥ አስተማማኝ በሆነ መንገድ መለካት አይቻልም፤ የእግር ትርታውን ባለሙያ ይፈትሸዋል። የክትትሉ ድግግሞሽም በደረጃው ይወሰናል። ችግር ለሌለበት እግር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ስሜት ብቻ ወይም የደም ዝውውር ብቻ ለተጓደለበት በየ6 እስከ 12 ወሩ፣ ከእነዚህ ሁለቱም ላሉበት ወይም አንዱ ከቅርጽ ለውጥ ጋር ለተደረበበት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ቀድሞ ቆስሎ ለሚያውቅ ደግሞ በየ1 እስከ 3 ወሩ መታየት ተገቢ ነው።

3ኛ. እግሩንና አሮጌውን ሶል መመልከት

በጥሩ ብርሃን ተቀምጠው የእግርዎን ላይና ታች፣ የተረከዙን ዙሪያ፣ በየጣቶቹም መካከል ይመልከቱ። ውስጥ እግርዎን ለማየት ከከበደዎት መስታወት መሬት ላይ ያድርጉ ወይም ሰው ይርዳዎት፤ የስኳር ሕመም ዓይንንም ሊጎዳ ስለሚችል በሌላ ሰው ዓይን መታገዝ ነውር የለውም። በተለይ የሚፈለገው የጠነከረና ቢጫ የመሰለ ቆዳ ነው። ይህ ቆዳ ጫና የበዛበት ቦታ ማኅተም ነው፤ እየወፈረ ሲሄድ ራሱ ከሥሩ ያለውን ሥጋ የሚጫን ተጨማሪ ጠጠር ይሆናል። በመካከሉ ጠቆር ያለ ወይም ደም የመሰለ ነጥብ ከታየ ከሥሩ ቁስል ጀምሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል ለሶል ምርጫ ሳይሆን ለሕክምና የሚያስቸኩል ነው። በምላጭ መቁረጥም ሆነ ቆዳ የሚያቀልጥ ፕላስተር መለጠፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ባለሙያ ይላጠው።

ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ከለበሱት ጫማ ውስጥ የነበረውን ሶል ያውጡና መስኮት አጠገብ ይዘው በጎን በኩል ይመልከቱት። ከአውራ ጣት ግርጌ ትይዩ የጠቆረና የጎደጎደ ክብ ቦታ ይኖራል፤ በአንዳንዱ ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣት ግርጌ፣ በሌላው ደግሞ በውጪኛው ጠርዝ ይሆናል። ጨርቁ ተበልቶ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ጫና ብቻ ሳይሆን መፋተግም አለ ማለት ነው። የሶሉ ጫፍ ላይ የጣቶቹ አሻራ እስከ መጨረሻው ጠርዝ ከደረሰ ጫማው አጥሯል። በእኔ ግምት ባለሙያ በማይገኝበት ቦታ ከየትኛውም የሱቅ ምክር ይልቅ ይህ አሮጌ ሶል የበለጠ ይናገራል፤ ለብዙ ወራት የተመዘገበ የእግር አረጋገጥ ነውና። የጎደጎደውን ቦታ በእስክሪብቶ ከብበው ያስቀምጡት፤ አዲሱን ሲመርጡ ጫና መቀነስ ያለበት ቦታ የትኛው እንደሆነ ያሳይዎታል።

4ኛ. ከሶሉ በፊት ጫማውን መፈተሽ

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የውስጥ ሶል ቦታ ይይዛል። በተራ ጫማ ውስጥ ከነበረው ንጣፍ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሶል ቢደረብ እግሩ በዚያው ልክ ወደ ላይ ይወጣና የጣቶቹ ጀርባ ከጫማው ቆዳ ጋር መፋተግ ይጀምራል፤ ተረከዙም ከመያዣው ከፍ ስለሚል በየእርምጃው ይወልቃል። ለውስጥ እግር ተብሎ የተገዛው ነገር የጣቶችን ጀርባ ያቆስላል ማለት ነው። ስለዚህ ጫማውና ሶሉ እንደ አንድ ዕቃ አብረው መመረጥ አለባቸው።

ጫማው በፋብሪካ የገባለት ንጣፍ ተነቃይ ይሁን፤ ከሥሩ ተጣብቆ የማይነሳ ከሆነ ሌላ ጫማ ይፈልጉ። ለዚሁ ተብለው የሚሠሩ ጥልቅ ጫማዎች ከተለመደው ጫማ ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ተጨማሪ ጥልቀት አላቸው። ሶሉ ከገባ በኋላ የጫማው ውስጥ ርዝመት ከረጅሙ ጣት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ስፋቱ እግሩ በጣም በሚሰፋበት በጣቶቹ ግርጌ ካለው ስፋት ጋር እኩል ይሁን። የጣቶቹ ማረፊያ ከላይ ሲታይ ክብ እንጂ ሹል መሆን የለበትም፣ ማሰሪያው በክር ወይም በሚለጠፍ ጨርቅ የሚስተካከል ይሁን፣ ተረከዙም ከፍ ያለ አይሁን። እጅዎን እስከ ጫፉ አስገብተው ውስጡን ይዳስሱ፤ ጣትዎ የሚያውቀው ማንኛውም ጉብታ፣ ስፌት ወይም የደረቀ ሙጫ እግርዎን ያገኘዋል።

የስፋቱን ነገር ለማረጋገጥ ወረቀት ከየትኛውም መለኪያ የበለጠ ታማኝ ነው። ካልሲ አድርገው ወረቀት ላይ ይቁሙ፤ ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ በእግርዎ ዙሪያ ይንደፍ። ንድፉን ቆርጠው ከጫማው በወጣው ንጣፍ ላይ ያስቀምጡት። ወረቀቱ በየትኛውም ጎን ከንጣፉ ካለፈ እግርዎ በዚያ ጎን ተጨናንቆ ነው የሚውለው፤ የትኛውም ድንቅ ሶል ቢገባበት ያ ጫማ አይሆንዎትም። ሁለቱንም እግሮች ለየብቻ ይንደፉ፤ ብዙ ጊዜ አንደኛው ስለሚበልጥ ጫማው በትልቁ ይመረጥ። እግር እየዋለ ስለሚያብጥም ልኬቱ ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማምሻው ቢሆን ይመረጣል።

5ኛ. ቁሱን መምረጥ

በጣት ሲጫኑት እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ ሶል ያጓጓል። ነገር ግን በሙሉ ክብደት ሲረገጥ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ወለል ላይ ከደረሰ ልስላሴው ከንቱ ነው፤ ጫናው እንዳለ ይመለሳል። በአንጻሩ ደረቅ ፕላስቲክ ብቻ የሆነ ሶል ቅርጹን ይጠብቃል እንጂ ለሳሳ ቆዳ አይራራም። ስለዚህ ስሜት ላጣ እግር የሚመከረው በሁለት ወይም በሦስት ንብርብር የተሠራ፣ ላዩ ለስላሳ፣ ሥሩ ጠንከር ያለ ሶል ነው።

ከላይ ከቆዳው ጋር የሚገናኘው ንብርብር ብዙውን ጊዜ ፕላስታዞት የሚባለው የፖሊኢታይሊን ፎም ነው። ቀዳዳዎቹ ዝግ ስለሆኑ ላብና ፈሳሽ አይመጥም፣ ሲሞቅ የእግሩን ቅርጽ ይይዛል፣ ለቆዳም የዋህ ነው። ድክመቱ ቶሎ መርገቡ ነው፤ ከረገበ በኋላ ተመልሶ አይነሳም። በዚህ ምክንያት ከሥሩ እንደ ፖሮን ያለ ቀዳዳዎቹ ክፍት የሆኑ የፖሊዩሬታን ፎም ይገባል፤ ይህኛው ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ስለሚመለስ የመርገጥን ምት ለረጅም ጊዜ ይችላል። ከሁሉም በታች ደግሞ ኢቪኤ የሚባለው ጠንካራ ፎም ቅርጹን ተሸክሞ ይይዛል። የቁስ ጥንካሬ በሾር መለኪያ ይገለጻል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቁሱ ይጠነክራል። በሾር ኤ መለኪያ 20 አካባቢ ያለው ለላይኛው ንብርብር፣ ከ35 እስከ 40 ያለው ለመሠረቱ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ ይህን ይሞክሩ፤ ሶሉን ጠረጴዛ ላይ አድርገው በጣቶቹ ግርጌ በሚውለው ቦታ በአውራ ጣትዎ በሙሉ ኃይል ይጫኑት። ጠረጴዛው ከተሰማዎት በጣም ሳስቷል። ሲለቁት ደግሞ ጉድጓዱ ወዲያው መመለሱን ይመልከቱ።

ጄል ሶሎች እንዴት ይታያሉ? መፋተግን በመቀነስ ረገድ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከባድ ናቸው፣ ሙቀትና ላብ ይይዛሉ፣ ጫናን በሰፊው የሚያከፋፍል ቅርጽም ብዙዎቹ የላቸውም። ተረከዝ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ቁራጭ ጄል ደግሞ ጠርዙ ላይ ደረጃ ስለሚፈጥርና ሊንሸራተት ስለሚችል ስሜት ላጣ እግር አይሆንም።

የላይኛው ሽፋን ለስላሳ፣ ስፌት አልባና ያለ መጨማደድ የተለጠፈ ይሁን። ቀለሙ ነጣ ያለ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ደም ወይም ፈሳሽ ሲነካው ወዲያው ይታያልና። ካልሲውም በዚሁ ምክንያት ነጭ ቢሆን መልካም ነው።

መደብሮች ከሚያቀርቧቸው መካከል በዓይነታቸው የማይሆኑ አሉ። ላያቸው በጉብታ የተሞላ «የማሳጅ» ሶሎች ለጤናማ እግር ደስ ይሉ ይሆናል፤ ለደነዘዘ እግር ግን እያንዳንዷ ጉብታ የጫና ነጥብ ናት። በባትሪ የሚሞቁ ሶሎች ሙቀቱን ማወቅ የማይችልን ቆዳ ያቃጥላሉ። ማግኔት ያላቸው ሶሎች ተጨማሪ ዋጋ ከማስከፈል በቀር ለእግሩ የሚያደርጉለት ነገር የለም። ማሸጊያው ላይ «ለስኳር ሕመምተኞች» የሚል ጽሑፍ መኖሩም በራሱ ማስረጃ አይደለም፤ ይህን ያተመ አምራች ሁሉ ከላይ የተባለውን አሟልቷል ማለት አይደለምና በእጅ መፈተሹ አይቀርም።

6ኛ. ቅርጹን መምረጥ

ሶሉ ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ ሙሉ ርዝመት ያለው ይሁን። በእግር መሃል የሚያበቃ ሶል የሚያልቅበት ጠርዝ በትክክል ጫና በሚበዛበት ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ተረከዙ በሚያርፍበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ዙሪያውን የሚያቅፍ ከሆነ የተረከዙ ሥጋ እንዳይበተንና እግሩ እንዳይንሸራተት ይረዳል።

ደጋፊ የሚያሰኘው ዋናው ክፍል በእግሩ መሃል ያለውን ቅስት የሚሞላው ከፍታ ነው። ባዶ የነበረው ቅስት ክብደት መሸከም ሲጀምር የተረከዝና የጣቶች ግርጌ ሸክም ይቀንሳል። ከፍታው ግን ልክ መሆን አለበት፤ ቅስቱን ሳይነካ ከቀረ ጥቅም የለውም፣ ከበዛም በራሱ ያቆስላል። ሲቆሙ ሶሉ ቅስቱን በእኩል ሊነካው እንጂ ሊገፋው አይገባም። እግሩ ቅስት የሌለውና ፈጽሞ ጠፍጣፋ የሆነ ወይም በሻርኮ ምክንያት መሃሉ ወደ ታች ያበጠ ሰው ጠንካራ የቅስት ድጋፍ ያለው ዝግጁ ሶል ፈጽሞ መግዛት የለበትም፤ ያፈጠጠው አጥንት በጠንካራው ቁስ ላይ ያርፋልና።

አንዳንድ ሶሎች ከጣቶቹ ግርጌ ወደ ኋላ የተቀመጠች ትንሽ ጉብታ አላቸው። ቦታዋ ልክ ሲሆን ከፊቷ ያሉትን የአጥንት ጫፎች ጫና ታቀልላለች፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ብትሄድ ግን የምታቀልለውን አጥንት ራሱን ትጫነዋለች። ስሜቱ ያለ ሰው ይህን ወዲያው ያውቃል፣ ስሜት ያጣው አያውቅም፤ ስለዚህ ይህችን ጉብታ ባለሙያ ያስቀምጣት እንጂ በግምት አትለጠፍ። የቆሰለ ወይም የጠነከረ ቆዳ ባለበት ቦታ ሶሉን በክብ ቆርጦ ማውጣትም በብዙዎች ዘንድ የተለመደ መላ ነው፤ ይሁንና የጉድጓዱ ጠርዝ በዙሪያው አዲስ ጫና ስለሚፈጥር ሊቀር ይገባል።

7ኛ. ዝግጁ ወይስ በልክ የተሠራ

ስሜቱ የቀነሰ ነገር ግን የእግሩ ቅርጽ ያልተለወጠና ቆስሎ የማያውቅ ሰው ከላይ የተጠቀሱትን የሚያሟላ ዝግጁ ሶል ሊጠቀም ይችላል። ጣቶቹ የተቆለመሙ፣ አጥንቱ ያፈጠጠ፣ ጣት የተቆረጠበት ወይም ውስጥ እግሩ ቆስሎ የዳነ ሰው ግን በእግሩ ቅርጽ ላይ ተቀርጾ የሚሠራ ሶል ያስፈልገዋል። ቆስሎ ለዳነ ሰው ሶሉ በእግሩ ልክ መሠራቱ ብቻ አይበቃም፤ ጫናን በእርግጥ መቀነሱ ቢለካ ይመረጣል። በጫማ ውስጥ በሚገባ ቀጭን የጫና መለኪያ ሲታይ ከፍተኛው ጫና ከተራ ጫማ ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ በ30 በመቶ መቀነሱ ወይም ከ200 ኪሎፓስካል በታች መሆኑ እንደ ግብ ይወሰዳል። መሣሪያው ካለበት ቦታ ከሄዱ «ተለክቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። የጣቶቹ ግርጌ እጅግ ለተጫነበት ሰው ከሶሉ በተጨማሪ የጫማው ታች የማይታጠፍና ከፊት በኩል ወደ ላይ ቀልበስ ያለ እንዲሆን ባለሙያው ሊያዝ ይችላል።

8ኛ. ማስገባትና መሞከር

ከጫማው ያወጡትን የፋብሪካ ንጣፍ በአዲሱ ሶል ላይ ተረከዝ ለተረከዝ አጋጥመው መስመር ያስምሩ፤ ትርፉንም ከጣቶቹ በኩል ብቻ በትንሽ በትንሹ ይቁረጡ። ከጎን መቁረጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ሶሉ ለዚያ ጫማ አይደለም። ሶሉ ተዘርግቶ መቀመጥ አለበት፤ ጠርዙ ከታጠፈ ወይም መሃሉ ከተነሳ ያውጡት። ሁለት ሶል መደረብ አይቻልም፣ ባለሙያ ካላዘዘ በቀርም ሶሉ በሁለቱም ጫማዎች ውስጥ መግባት አለበት፤ በአንዱ ብቻ ማስገባት የእግሮቹን ቁመት ያዛባል።

ዘወትር የሚለብሱትን ካልሲ አድርገው ጫማውን ይልበሱ፣ ይሰሩትና ይቁሙ። ሌላ ሰው ከላይ በእጁ ጣቶችዎን ይዳስስ፤ ጣቶቹ መንቀሳቀስ መቻል አለባቸው፣ የጫማው ቆዳም ተወጥሮ መታየት የለበትም። ጥቂት ሲራመዱ ተረከዙ የሚወልቅ ከሆነ ሶሉ ወፍሯል ወይም ጫማው አይይዝም። ከዚያም አውልቀው እግርዎን ይመልከቱ፤ የቀላ ቦታ ካለ መልሱን አግኝተዋል።

9ኛ. ቀስ በቀስ ማለማመድ

አዲስ ሶል በተገዛ ዕለት ጉዞ አይኬድበትም። በመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይልበሱት፤ ሲያወልቁም ከተረከዝ እስከ ጣት መላውን እግር ይመርምሩ። ደህና ከሆነ በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት እየጨመሩ በአንድ ሳምንት ወይም በሁለት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወደ መልበስ ይድረሱ። ካወለቁ ከ20 ደቂቃ በኋላም የማይጠፋ ቅላት፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ወይም የተላጠ ቆዳ ከታየ ሶሉ ይቁም፤ «ይለምዳል» ብሎ መቀጠል አይቻልም፤ ስሜት ያጣ እግር የሚለምደው ነገር የለም፣ ይቆስላል እንጂ። ያበጠውን ማፍረጥም አይገባም።

ቁስል ተመላልሶ የሚያስቸግረው ሰው በቆዳ ላይ የሚያገለግል የሙቀት መለኪያ ቢኖረው ይጠቅመዋል። የቀኝና የግራ እግርን ተመሳሳይ ቦታዎች በየቀኑ ይለካል፤ ልዩነቱ ከ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ በልጦ ለሁለት ተከታታይ ቀናት ከቆየ ቁስሉ ሳይታይ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል መራመድን ቀንሶ ሕክምና መጠየቅ ይገባል።

ሶሉ የሚሠራው በተለበሰ ጊዜ ብቻ መሆኑም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከቤት ውጪ በጥንቃቄ የሚጫማ ሰው ቤት ሲገባ በባዶ እግሩ ወይም በስስ ነጠላ ጫማ ሲመላለስ ይውላል፤ የቤት ውስጥ እርምጃዎች ደግሞ ሲደመሩ ጥቂት አይደሉም። የሚቻለው ሰው ሶል የገባበት የቤት ጫማ ለብቻው ቢኖረው ጥሩ ነው።

10ኛ. መንከባከብና መቀየር

ከመልበስዎ በፊት ሁልጊዜ ጫማውን ዘቅዝቀው ያራግፉ፣ እጅዎንም አስገብተው ይዳስሱ፤ ጠጠር፣ ቁልፍ፣ የታጠፈ ካልሲ ሳይታወቅ ይገባል። ማታ ሶሉን አውጥተው አየር ያግኝ፤ ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅና በለስላሳ ሳሙና ይጠረግና ጥላ ላይ ይድረቅ። በእሳት አጠገብ ወይም በጠራራ ፀሐይ ከደረቀ ፕላስታዞት ቅርጹን ይለውጣል። እርጥብ ሶል አይለበስም፤ ሁለት ጥንድ ኖሮ በቀን በቀን እያፈራረቁ መልበስ የሁለቱንም ዕድሜ ያረዝማል።

ቀኑን ሙሉ የሚለበስ ባለ ፎም ሶል በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ወር ውስጥ ይረግባል፤ ክብደቱ ከፍ ያለ ወይም ብዙ የሚራመድ ሰው ከዚያ ቀድሞ ሊደርስበት ይችላል። የገዙበትን ቀን ከሶሉ ሥር በማይለቅ ቀለም ይጻፉ። በየወሩም በጣቶቹ ግርጌ ያለውን ውፍረት ከቅስቱ አጠገብ ካለው፣ ብዙም ካልተረገጠው ክፍል ጋር በጣትዎ ጨምቀው ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታወቀ፣ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ወይም ከተላጠ፣ ወይም የጠነከረው ቆዳ ባለሙያ ካነሳው በኋላ በዚያው ቦታ ቶሎ ከተመለሰ ቀኑ ባይደርስም ይቀየር። ወደ ክትትል ሲሄዱ ጫማዎቹን ከነሶላቸው ይዘው ይሂዱ፤ የቤት ጫማውም ሳይቀር።